ቁጭ በይ

ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች እኔ ሌሊት ነበር የምሠራው። ሲያትል፣ ኤርፖርቱ አካባቢ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ። ቀዝቃዛ እጅ ሆዷ ላይ እንዳላሳርፍ እጄን በሙቅ ውሃ እታጠባለሁ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እልና ለሆዷ አወራለሁ።

«ሚጣዬ፣ አባዬ ነኝ። ዛሬ ሲዘንብ ነው የዋለው። ነገ እረፍት ነኝ።»

አንዳንዴ ትራገጣለች። እጄ ካረፈበት ሥር ተረከዝ ይሁን ክርን ያልለየሁት ነገር ጉብ ይልና ተመልሶ ይሰምጣል። የመለሰችልኝ ይመስለኛል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም።

አሁን ሚጣ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል። ከሆድ ጀምሮ እስከዛሬ ያየሁትን ልጽፍ የተነሳሁት፣ አብረውኝ የሚሠሩ ወንድሞች «ሕፃን ምን ይገባዋል? ትንሽ ከፍ ስትል ታዋራታለህ» ሲሉኝ ስለከረሙ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን በእረፍት ሰዓቴ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ያነበብኩትን ደግሞ ቤቴ ገብቼ በልጄ ላይ አይቼዋለሁ። ይገባቸዋል። እኛ ከምናስበው በጣም ቀድሞ ይገባቸዋል።

መስማቱ የሚጀምረው ሆድ ውስጥ ነው። ስድስተኛው ወር አካባቢ ፅንሱ ድምፅ ሲሰማ የልብ ምቱ ይለወጣል፣ ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን እኛ እንደምንሰማው አይደለም። ውሃውና ሥጋው ቀጫጭኑን ድምፅ ያስቀሩታል። የሚያልፈው ወፍራሙ ድምፅና የንግግሩ ዜማ ነው። ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን፣ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቶች ሲያወሩ እሰማ ነበር። ቃሉ አይለይም። ግን ማን እንደሚያወራ፣ ተቆጥተው ይሁን እየሳቁ አውቅ ነበር። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅም ወሬያችንን የሚያዳምጠው እንደዚያ ነው።

በ1980 (በፈረንጆቹ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው) አንቶኒ ዲካስፐርና ዊሊያም ፋይፈር የሚባሉ ተመራማሪዎች ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። ሕፃኑ ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ አፉ ላይ የጡጦ ጫፍ ይደረግለታል። በአንድ ዓይነት ምት ከጠባ የእናቱ ድምፅ ይመጣል። በሌላ ምት ከጠባ የሌላ ሴት ድምፅ ይመጣል። ሕፃናቱ የእናታቸውን ድምፅ የሚያመጣላቸውን አጠባብ መረጡ። ሦስት ቀን ሳይሞላቸው!

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ቀጥዬ ያነበብኩት ግን ከፋኝ። ዲካስፐር ከአራት ዓመት በኋላ ይህንኑ ነገር በአባቶች ድምፅ ሞከረው። ሕፃናቱ የአባታቸውን ድምፅ ከሌላ ወንድ ድምፅ አስበልጠው አልመረጡም። ሁለቱ ድምፆች የተለያዩ መሆናቸው ይገባቸዋል። ግን የአባቴ ይምጣልኝ አላሉም። የእናት ድምፅ ከውጭ ብቻ ሳይሆን በገዛ አካሏ በኩል፣ በአጥንቷ ጭምር አልፎ ይደርሳቸዋል። የአባት ድምፅ የውጭ ድምፅ ነው። የቴሌቪዥኑም የውጭ ድምፅ ነው።

ያን ሌሊት ቤት ገብቼ ዝም ብዬ ተኛሁ። ባለቤቴ ነቃች።

«ዛሬ አታወራትም እንዴ?» አለችኝ።

ያነበብኩትን ነገርኳት። ጨለማው ውስጥ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ስታወራኮ እኔ እመልስልሃለሁ። እስቃለሁ። እሱን ትሰማለች» አለች።

እውነቷን ነው። እኔ ለሆዷ ሳወራ እሷ ዝም ብላ አታውቅም። ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳን «እሺ፣ ከዛስ?» ትላለች። የእኔ ወሬ ልጄ ጋ የደረሰው በእናቷ መልስ በኩል ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ሌሊት አላቋረጥኩም።

ባለቤቴ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ቀን እንግሊዝኛ፣ ማታ አማርኛ። «ልጁ ይምታታበታል» የሚሉን ሰዎች ነበሩ። ከእኛ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል በምትርቀው በቫንኩቨር የተሠራ አንድ ጥናት በ2010 ወጥቷል። በእርግዝናቸው ጊዜ እንግሊዝኛና ታጋሎግ ሲናገሩ የነበሩ እናቶች ልጆች፣ ገና እንደተወለዱ ለሁለቱም ቋንቋ ጆሮ ሰጡ። አንዱን ከሌላው ለይተውም አወቁ። የተምታታበት የለም።

በ2009 ደግሞ የ60 ጨቅላ ሕፃናት ለቅሶ ተቀድቶ ተነጻጽሯል፤ ግማሾቹ ከጀርመን፣ ግማሾቹ ከፈረንሳይ። የፈረንሳዮቹ ለቅሶ ዜማው ወደ ላይ የሚወጣ ሆነ። የጀርመኖቹ ከላይ ጀምሮ የሚወርድ። ልክ እንደ እናቶቻቸው አነጋገር። ሚጣ ስትወለድ ያለቀሰችው ለቅሶ ስልኬ ላይ አለ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። አሁንም ድረስ ሥራ ላይ ሆኜ እከፍተዋለሁ።

አራስ ቤታችን ሬኒየር አቬኑ አጠገብ ያለች ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ነበረች። እናቴ ቪዛዋ ስለዘገየ አልደረሰችም። ገንፎውንና አጥሚቱን ያመጡልን የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ናቸው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ፣ ኩሽናውን ይይዙታል። እኔ ልጄን ታቅፌ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ።

በደንብ ያየኋት ያኔ ነው። እርግብግቢቷ፣ ያ አናቷ ላይ አጥንቱ ያልገጠመበት ለስላሳ ቦታ፣ ከልቧ ምት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ባለቤቴን ጠርቻታለሁ። የራስ ቅሉ ያልገጠመው በምጥ ጊዜ እንዲጠብ፣ በኋላም አንጎሉ ሲያድግ ቦታ እንዲያገኝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ይገጥማል። ጣቴን መዳፏ ላይ ሳሳርፍ ጭብጥ ታደርገዋለች። በር ጓ ሲል ሁለት እጇን ዘርግታ ትደነብራለች፤ ከዚያ መልሳ ወደ ደረቷ ትሰበስባቸዋለች፣ ሊወድቅ ያለ ሰው ያገኘውን ነገር እንደሚይዝ። ሐኪሞች ሞሮ ይሉታል። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይጠፋል። መቼ እንደጠፋ ልብ አላልኩም። አንድ ቀን በሩ ጓ አለ። ሚጣ ዞር ብላ አየችው። በቃ።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ሻል አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው። ከዚያ ያለፈው ብዥ ይልበታል። ጡት የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ፊት የሚርቀው ይህንኑ ያህል ነው። ስለዚህ እኔም ፊቴን አስጠጋሁ። ከአንድ ስንዝር ብዙም በማይበልጥ ርቀት ላይ ሆኜ ሌሊቱን ለሆዷ ሳወራው የነበረውን ለፊቷ አወራሁት። ቅንድቧን ሰብስባ ታየኛለች። የፊቴን ጠርዝ፣ ፀጉሬ ከግንባሬ የሚገናኝበትን ቦታ አተኩራ ታያለች።

ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ለቅሶው ባሰ። ማታ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት። ጡት አትይዝም፣ ዳይፐሯ ደረቅ ነው፣ ትኩሳት የላትም። ባለቤቴ «ወተቴ ነው» ብላ ታለቅሳለች። አንዲት ነርስ ናት ያረጋጋችን። የጨቅላ ሕፃን ለቅሶ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል፣ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ሦስትና አራት ወር ላይ ይቀንሳል አለችን። «ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ በጀርባዋ አልጋዋ ላይ አስተኝታችሁ ከክፍሉ ውጡ። በምንም ዓይነት እንዳትነቀንቋት።» አንድ ማታ ይህንኑ አድርጌያለሁ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አምስት ደቂቃ ቆምኩ። ከዚያ ገብቼ አነሳኋትና እሹሩሩ እያልኩ እስክትተኛ ዞርኩ። የሕፃን ለቅሶ ያስጨነቀው ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ፣ ወጥቶ መቆም ነውር አይደለም።

በሰባተኛው ሳምንት ሳቀች። በእንቅልፍ ልቧ የምታደርገውን ፈገግታ አይደለም የምለው። ዓይኔን አይታ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ከዚያ ነው የሳቀችው።

አሁን ስለማፍርበት ቀን ልጻፍ። ሚጣ አራት ወር ሆኗት ነበር። የሥራ ፈረቃዬ ተቀያይሮ አለቃዬ መልእክት እየላከልኝ ነው። ሚጣ ፊት ለፊቴ ትንሿ መንበሯ ላይ ናት። እኔ ስልኬን አያለሁ። «ኧኧ» አለች። አላየኋትም። ሳቀች። አላየኋትም። እጇን ዘረጋች፣ ደረቷን ወደ ፊት ገፋች፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ይህን ሁሉ በዓይኔ ጥግ አይቼዋለሁ፣ «አንዴ ቆይ» ብያለሁ። ቀና ስል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። እጇን አፏ ውስጥ ከትታ ትጠባለች። «ሚጣዬ» አልኳት። አልዞረችም። ደግሜ ጠራኋት። አልዞረችም።

ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በ1970ዎቹ ይህን ነገር ሆን ብሎ ሞክሮታል። እናትየዋ መጀመሪያ ከልጇ ጋር ትጫወታለች። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ልጇን እያየች ፊቷን እንደ ድንጋይ ታደርገዋለች። ልጁ መጀመሪያ ይስቃል፣ ይጠራታል፣ እጁን ይዘረጋል። ሲያቅተው ፊቱን ያዞራል፣ ይጨማደዳል። የእኔ ልጅ ያደረገችው አንድ በአንድ ይህንኑ ነው። ጥሩው ነገር፣ እናትየዋ ስትመለስ ልጁም ይመለሳል። ሚጣም ተመልሳለች። እቅፌ ውስጥ አድርጌ ጥቂት ስንቆይ መልሳ አየችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤት ስገባ ስልኬ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው።

እማዬ የመጣችው ሚጣ አምስት ወር ተኩል ሲሆናት ነው። ስድስት ወር እንድትቆይ ተፈቀደላት። ለሲያትል ብርድ አዲስ አልሆነችም። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የላትም። በማግስቱ ጠዋት ሚጣን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወሬ ጀመረች። «የኔ እመቤት፣ ቆንጆ፣ ቁርስ በልተሻል? ቁጭ በይ እስቲ። ቁጭ!» ድምፅዋ ቀጥኗል፣ ቃሉን ትጎትተዋለች፣ ደጋግማ ትለዋለች። በየትኛውም አገር ትልቅ ሰው ለሕፃን ሲያወራ ድምፁን እንዲህ ያደርጋል ማለት ይቻላል፣ ሕፃናትም ከተራው ንግግር ይልቅ ይህን ይወዳሉ። ሚጣ ደግሞ የእማዬን ዓይን ሳይሆን አፏን ነው የምታየው። ከአራት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ሕፃናት ከተናጋሪው ዓይን ወደ አፉ እንደሚያዘነብሉ በ2012 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ድምፁ እንዴት እንደሚሠራ እየተማሩ ነው።

እማዬ የመጣችበት ጊዜ በአጋጣሚ ወሳኙ ጊዜ ነበር። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ አሉን። ጉሮሮን ዘግተን በግፊት የምንለቃቸው ድምፆች። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስንት ጊዜ ቢሞክር «ቆሎ» ብሎ «ኮሎ» ይልብናል። በ1984 ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ ካናዳ ውስጥ የሠሩት ጥናት አለ። ከአንድ የካናዳ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ሁለት ድምፆችን ወሰዱ። ሁለቱም እንደ እኛ ቀ የሚፈነዱ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ወደ ጉሮሮ ገባ ያለ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ትልልቅ ሰዎች ልዩነቱ አይሰማቸውም። ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የመጡ ከ6 እስከ 8 ወር ያሉ ሕፃናት ግን አብዛኞቹ ለዩት። ከ10 እስከ 12 ወር ያሉት አብዛኞቹ አልለዩትም። በጥቂት ወራት ውስጥ ጆሮ ለሚሰማው ቋንቋ ይሳላል፣ ለማይሰማው ይደነዝዛል።

ሌላው ጥናት የተሠራው እዚሁ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2003 ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰሙ የ9 ወር ሕፃናትን ከቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር አገናኙ። እያንዳንዱ 25 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ። መጫወቻ፣ መጽሐፍ፣ ወሬ። በመጨረሻ ሕፃናቱ የቻይንኛን ድምፅ ከተወለዱ ጀምሮ ቻይንኛ ሲሰሙ ካደጉ ልጆች እኩል ለዩ። ያንኑ ንግግር፣ በዚያኑ ያህል ጊዜ፣ በቴሌቪዥን ያዩት ግን ምንም አልተማሩም። በድምፅ ብቻ የሰሙትም አልተማሩም።

ይህን ለእማዬ ነገርኳት። «ታዲያ ለዚህ ጥናት ያስፈልገዋል?» አለችኝ። «ልጅ ከሰው ነው የሚማረው።» ከዚያ በፊት ግን እኔ የአማርኛ የልጆች ቪዲዮ ከፍቼ ሚጣን ፊቱ አስቀምጫት አውቃለሁ። ቋንቋዋን እያስተማርኳት መስሎኝ። ዘጋሁት።

አንድ ሌላ ነገር ከእማዬ ጋር አብረን አየን። ማንኪያ ነው። ሚጣ ስድስት ወር ሳይሞላት እማዬ ማንኪያውን በነጠላዋ ስትሸፍነው ሚጣ ወዲያው ትተወዋለች። የተሸፈነ ነገር የለም ማለት ነው። ማንኪያውን ስትፈልግ የነበረችው እጇ ባዶውን ትቀራለች፣ ቅር እንኳን አይላትም። ዘጠነኛ ወሯ ሲጀምር አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬ ሸፈነችው። ሚጣ ነጠላውን አየች። እማዬን አየች። ጥለቱን በሁለት ጣቷ ያዘችና ሳብ አደረገችው። ማንኪያው ወጣ። እማዬ እልል አለች። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ የገዛ ልጆቹን እያየ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ስምንት ወር ገደማ ላይ ልጅ የተደበቀን ነገር መፈለግ ይጀምራል። በዚያው ሰሞን እናቷ ከክፍሉ ስትወጣ ማልቀስ ጀመረች። እንግዳ ሲይዛትም ማልቀስ ጀመረች። «ምን ነካት? ተበላሸች» ያለን ነበር። አልተበላሸችም። ያላየችው ነገር እንዳለ ገብቷታል፤ ሄደች ማለት የሆነ ቦታ አለች ማለት ነው።

ዳዴ አላለችም። በቂጧ እንፉቅቅ ነው የሄደችው፣ አንድ እጇን እንደ መቅዘፊያ እያደረገች። አሥረኛ ወሯ ላይ ተጨንቄ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ልጆችን ተከታትሎ በ2006 ያወጣው መረጃ አሳረፈኝ። በእጅና በጉልበት የሚሄዱት ከ5.2 እስከ 13.5 ወር ባለው ነው፤ 4.3 በመቶዎቹ ደግሞ ያን ሳያደርጉ ነው ያለፉት። ብቻውን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር። ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አያችሁ? የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ቢሄድ፣ የእናንተ በአሥራ ስድስት ወሩ ቢሄድ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

እማዬ ግን ዝም ብላ አልጠበቀችም። ሶፋውን አስደግፋ ታቆማትና እጇን ትለቃለች። «ወፌ ቆመች!» ታጨበጭባለች። ሚጣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትስቃለች፣ ዱብ ትላለች። እንደገና። በ1970ዎቹ ቻርልስ ሱፐር ኬንያ ውስጥ የኪፕሲጊስ እናቶችን አጥንቶ ነበር። እነሱ ልጆቻቸውን መቀመጥና መራመድ ሆን ብለው ያለማምዳሉ፣ ለማለማመዱም የራሱ ቃል አላቸው። ልጆቹም ከአሜሪካኖቹ ቀድመው ተቀመጡ፣ ቀድመው ሄዱ። ዳዴ ላይ ግን አልቀደሙም፤ ዳዴን ያለማመዳቸው የለማ። ለእኔ «ወፌ ቆመች» ጨዋታ ብቻ ነበር። ለካ ትምህርት ኖሯል።

ሚጣ የሄደችው በአሥራ ሦስት ወሯ ነው። እማዬ አላየችውም። ሚጣ አሥራ አንድ ወር ተኩል ሲሆናት ተመልሳለች። ኤርፖርት ስንሸኛት ሚጣን አንገቷ ሥር ስማት «ሆዴ፣ ሳትረሺኝ» አለቻት። ሚጣ ነጠላዋን ይዛ አልለቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

መሄድ ስትጀምር የወደቀችውን ብዛት መቁጠር አቅቶኝ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን አዶልፍ ቆጥራለች። ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ልጆች ሲጫወቱ በአማካይ በሰዓት 2,368 እርምጃ ይሄዳሉ፣ በሰዓት 17 ጊዜ ይወድቃሉ። እናም ይነሳሉ። ሚጣ ወድቃ ከመነሳቷ በፊት አንዴ ታየኛለች። እኔ ከደነገጥኩ ታለቅሳለች። «አይዞሽ፣ ተነሺ» ካልኳት ትነሳለች።

በስልክ ከእማዬ ጋር በየቀኑ ይገናኛሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመከርም ሲል የቪዲዮ ጥሪን ነጥሎ ፈቅዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እማዬ ትመልስላታለች። ሚጣ ማንኪያ ስታሳያት «ማንኪያ ነው? ምን በላሽበት?» ትላታለች። ቪዲዮው ይህን አይልም።

አሥራ ስምንት ወር ላይ ለምርመራ ወሰድናት። አንድ ባለሙያ የእንግሊዝኛ ቃላቷን ጠየቀን። ዘጠኝ ነበሩ። «አነሰ። ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ ብቻ አድርጉት፣ እንግሊዝኛ ይሁን» ተባልን። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ማታ ወረቀት አወጣንና ሁሉንም ጻፍን። ውሃ፣ ዳቦ፣ አባ፣ እማ፣ ነይ፣ እምቢ፣ ወፍ፣ ጫማ... በሁለቱም ቋንቋ ሃምሳ አራት ሆነ። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ቃሉ የሚቆጠረው ሁለቱ ተደምረው ነው። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። ይህን የምለው አማርኛ ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ የቋንቋ ሐኪሞቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሌላ ባለሙያ ጋ ሄደን ይህንኑ ነገረችን።

ጭንቀት ካለ ግን አትጠብቁ። ልጁ በዓመቱ በጣቱ ካልጠቆመ፣ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ ወይም ሲናገር የነበረውን ቃል ከተወ፣ አስመርምሩት። ጆሮውን ደግሞ ከሁሉ በፊት። እዚህ አሜሪካ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የእድገት ምዘናው በነጻ ነው፤ የሐኪም ወረቀት ሳያስፈልግ ወላጅ ራሱ ደውሎ መጠየቅ ይችላል። «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም እንዲህ ነበር» እየተባለ ዓመት የጠፋባቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ቀ ዘገየች። በሃያ ወሯ «ኩች» ነበር የምትለው። «ቆሎ» ስትል «ኮሎ»። በጆሮዋ እንደምትለየው ግን አውቅ ነበር። ሆን ብዬ «ኮሎ ትፈልጊያለሽ?» ስላት ፊቷን ኮስተር አድርጋ ታየኛለች። «አይደለም፣ ኮሎ!» ትላለች። እሷ ልትል የፈለገችውና አፏ ያወጣው የተለያዩ ናቸው፤ እኔ ግን በትክክል እንድለው ትፈልጋለች።

ያለፈው ሳምንት እሑድ ነው። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን በር ላይ አወለቅኩ። ሚጣ ምንጣፉ ላይ ስኒዎቿን ደርድራ የቡና ጨዋታ ላይ ናት። እማዬ ስልኩ ላይ አለች፣ ሶፋው ላይ ተደግፋ፣ ደብረ ብርሃን ሌሊት ሆኖባት ጋቢ ለብሳ። ሚጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ነይ» አለች። ምንጣፉን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ቁጭ በይ።»

ቁጭ። «ቀ» ጉሮሮዋ ላይ ተዘግቶ ተፈታ፣ «ጨ»ም ጥርሷ ሥር ጠብ አለ። እማዬ ከስልኩ ውስጥ እልል አለች።

ባለቤቴ ከኩሽና «'ና' በይው እንጂ፣ አባዬ ወንድ ነው» አለቻት። ሚጣ ግራ ገብቷት ታየናለች። እሷ «ና» ተብላ አታውቅም። እናቷም አያቷም እኔም ከተወለደች ጀምሮ ያልናት «ነይ» ነው፤ «ቁጭ በይ» ነው። በሌላ መንገድ የተጠራችበት ቀን የለም።

«ተያት» አልኩ። ሄጄ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ባዶ ስኒ ሰጠችኝ።